ለብስክሌት የፀሐይ መነጽር ሲመርጡ ከጥላው ይነሱ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ሥራ የምመላለሰው በብስክሌት ነው። ማለዳ እወጣለሁ፣ ሲመሻሽ እመለሳለሁ። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ረጅም መንገድ እነዳለሁ። ያለኝ የፀሐይ መነጽር በጣም ጥቁር ነው። ፀሐይ ላይ ደስ ይላል፤ የዛፍ ጥላ ውስጥ ስገባ ግን መንገዱ ይጠፋብኛል። ፍጥነት ስጨምር ዓይኔ ያለቅሳል። ዳገት ላይ ደግሞ መነጽሩን እንፋሎት ይይዘዋል። ሩቅ ለማየት ቁጥሩ ሲቀነስ 2.5 የሆነ መነጽር አደርጋለሁ። ጓደኞቼ ፖላራይዝድ ግዛ ይሉኛል። እውነት መፍትሔው እሱ ነው?»

አይደለም። ለምን እንዳልሆነ ግን ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልንገርዎ።

ከዘረዘሯቸው ችግሮች ውስጥ የሌንሱን ጥቁረት የሚመለከተው አንዱ ብቻ ነው። የዓይን ማልቀስ የነፋስ ጉዳይ ነው። እንፋሎቱ የአየር መተላለፊያ ጉዳይ ነው። ቁጥሩ ደግሞ የሌንስ አሠራር ጉዳይ ነው። ፖላራይዝድ ሌንስ፣ ማለትም ከውሃና ከመንገድ ላይ የሚንጸባረቀውን ብርሃን የሚቀንሰው፣ ከእነዚህ አንዱንም አይፈታም። ብዙ ሰው መነጽር ሲገዛ ከቀለሙ ይጀምራል፤ መስታወት ፊት ቆሞ ያምርብኛል አያምርብኝም ይላል። ለእግረኛ ይሄ ምንም አይደለም። ብስክሌት ላይ ግን መነጽር በመጀመሪያ የነፋስ፣ የአቧራና የነፍሳት መከላከያ ነው። ፀሐይ መከለሉ ሁለተኛ ሥራው ነው።

ስለ ጥቁረቱ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምለው አንድ ነው፦ ሌንስ የሚመረጠው መንገድዎ ላይ ላለው በጣም ብሩህ ቦታ ሳይሆን በጣም ጨለም ላለው ቦታ ነው። ብርሃን ቢበዛብዎ ዓይንዎን ያጠባሉ፣ ግንባርዎን ይቋጥራሉ። ይደክማል፣ ግን መንገዱ ይታያል። ብርሃን ሲያንስ ግን ጉድጓዱ አይታይም። በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው በሴኮንድ 10 ሜትር ይሄዳል። ቁልቁለት ላይ ደግሞ እዚህ ፍጥነት ላይ መድረስ ቀላል ነው። ከጠራራ ፀሐይ ድልድይ ሥር ወይም ጥቅጥቅ ያለ የዛፍ ጥላ ውስጥ ሲገቡ ዓይን ራሱን ለማስተካከል ጊዜ ይፈልጋል። ድቅድቅ ጨለማን ሙሉ በሙሉ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጅበታል። ጥላ ያን ያህል ጨለማ ስላልሆነ በጣም ያነሰ ጊዜ ይበቃዋል። ሆኖም ሁለት ሴኮንድ ብቻ ቢዘገይብዎ፣ 20 ሜትር በጭፍን ሄደዋል ማለት ነው።

ደግነቱ ጥቁረት በግምት የሚነገር ነገር አይደለም። አይኤስኦ 12312-1 የሚባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ የፀሐይ መነጽሮችን ከ0 እስከ 4 ባሉ አምስት ምድቦች ይከፍላቸዋል። ምድብ 0 ነጭ የሚባለው ነው፤ ከሚታየው ብርሃን ከ80 በመቶ በላይ ያሳልፋል። ምድብ 1 ከ43 እስከ 80 በመቶ ያሳልፋል፣ ምድብ 2 ከ18 እስከ 43፣ ምድብ 3 ከ8 እስከ 18። ምድብ 4 የሚያሳልፈው ከ3 እስከ 8 በመቶ ብቻ ነው። ይሄኛው ለበረዶ ተራራና ለመሳሰሉት ቦታዎች የተሠራ ስለሆነ መንገድ ላይ ለመንዳት እንደማይሆን ደረጃው ራሱ ይናገራል። ምድቡ ብዙ ጊዜ ጆሮ ላይ በሚያርፈው ዘንግ ውስጠኛ ጎን ወይም አብሮ በሚመጣው ወረቀት ላይ ይጻፋል። ያለዎትን መነጽር ገልብጠው ይዩት። 3 ቢሆን አይገርመኝም። የባሕር ዳርቻና የመኪና መነጽር አብዛኛው 3 ነው። 4 ከሆነ ግን ብስክሌት ላይ ሁለተኛ አያድርጉት።

እርስዎን በቀጥታ የሚመለከት ሌላም ነገር አለ። በዚሁ ደረጃ መሠረት ከ75 በመቶ በታች ብርሃን የሚያሳልፍ ሌንስ ሲመሻሽና ማታ ለመንዳት አይሆንም። ስለዚህ ከሥራ ሲመለሱ ፀሐይዋ ጠልቃ ከሆነ፣ ምድብ 2 እንኳ በዝቷል። ያን ሰዓት የሚያስፈልግዎ ነጭ ሌንስ ነው። አውልቆ በባዶ ዓይን መንዳት መፍትሔ አይደለም። ነፍሳት የሚበዙት ያን ሰዓት ነው፤ አቧራውም የትም አልሄደም።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስህተት ላንሳ። ጥቁር ሌንስ ሁሉ ከጎጂ ጨረር ይከላከላል የሚል እምነት አለ። ጥቁረት የሚታየውን ብርሃን ነው የሚቀንሰው። አልትራቫዮሌት ግን ዓይን የማያየው ጨረር ነው። ሁለቱ ለየብቻ የሚለኩ ነገሮች ናቸው። ጥርት ያለ ነጭ ሌንስ አልትራቫዮሌትን ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ሊያስቀር ይችላል፤ ድብን ያለ ጥቁር ሌንስ ደግሞ ሊያሳልፈው ይችላል። የኋለኛው ከምንም የባሰ ሊሆንም ይችላል። ምክንያቱም ጨለማው ብሌንዎን ያሰፋዋል፣ የዓይን ማጥበቡም ይቀራል፤ ስለዚህ ወደ ውስጥ የሚገባው ጨረር ይጨምራል። የሚፈልጉት ጽሑፍ ዩቪ400 የሚል ነው፤ እስከ 400 ናኖ ሜትር ያለውን ጨረር ያግዳል ማለት ነው። ጽሑፉን ካላመኑት፣ የመነጽር ባለሙያ ዘንድ የጨረር መለኪያ ብዙ ጊዜ አይጠፋም። ጊዜ የሚፈጅ ነገር አይደለም፤ ጠይቀው ያስለኩ። በነገራችን ላይ ሌንሱ ፖሊካርቦኔት ከሆነ፣ ፕላስቲኩ በባሕርይው አብዛኛውን አልትራቫዮሌት ይውጣል። ስለዚህ ርካሽ የስፖርት መነጽር ሁሉ ዓይን ያጠፋል ብለው አይፍሩ።

ጨረሩን አቅልለው ግን አይዩት። ለዓመታት ሲጠራቀም የዓይን ሞራን ያፋጥናል። ከነጩ ክፍል ተነስቶ ወደ ጥቁሩ የሚያድገውን ሥጋም ያመጣል። ይህ ሥጋ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በአፍንጫ በኩል ነው። በጎን የሚገባ ብርሃን በኮርኒያው፣ በዓይን ፊት ባለው ጥርት ያለ ሽፋን፣ ውስጥ ታጥፎ ያ ጠርዝ ላይ ስለሚያርፍ ነው ይባላል። ለዚህም ነው ትንሽ ጠፍጣፋ መነጽር ፊት ለፊት ቢጋርድም በጎን ያጋልጣል የምንለው። ከፍታ በ1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አልትራቫዮሌት በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ስስ ደመናም ብዙ አያስቀረውም። «ዛሬ ደመና ነው» ብሎ መነጽር ቤት መተው ትክክል አይደለም። ሌንሱን ማንጣት እንጂ ማውለቅ አያስፈልግም።

አሁን ወደ እንባው። ዓይንዎ የሚያለቅሰው ስለደረቀ ነው። የዓይን ፊት ሁልጊዜ በስስ እንባ የተሸፈነ ነው። ነፋስ ያንን ሽፋን ሲያተንነው ዓይን ይቆጠቆጣል፤ ያኔ ሰውነት በገፍ እንባ ያፈሳል። ይህ የአደጋ ጊዜ እንባ ነው፤ ዕይታን ከማደብዘዝ በቀር ደረቅነቱን ብዙም አያስታግሰውም። ከመነጽሩ ጀርባ ነፋስ የሚገባ ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው። በጠርዙ የገባው አየር ውስጥ ተሽከርክሮ በቀጥታ ዓይንዎ ላይ ያርፋል።

ስለዚህ ፊትን አቅፎ የሚይዝ፣ ወደ ጆሮ ግንድ የሚጠማዘዝ፣ ከቅንድብ እስከ ጉንጭ የሚሸፍን ሌንስ ይፈልጉ። ሰፊ ሲሆን አንዳንዱ ሰው ያፍራል፤ ፊቴን ዋጠው ይላል። እንግዲህ ሥራው ነው። የብስክሌት ተወዳዳሪዎች በ1980ዎቹ አጋማሽ ትልልቅ መነጽር ማድረግ ሲጀምሩም እንግዳ ነገር ነበር፤ አሜሪካዊው ግሬግ ለመንድ ከፊተኞቹ አንዱ ነው። ዛሬ ያለ እሱ የሚወዳደር ማግኘት ይከብዳል።

ሱቅ ውስጥ ነፋስ የለም፤ ግን መሞከሪያ ዘዴ አለ። መነጽሩን አድርገው በፍሬሙና በቅንድብዎ፣ በፍሬሙና በጉንጭዎ መካከል ትንሿን ጣት ለማስገባት ይሞክሩ። ጣትዎ እንደልብ ከገባ ነፋሱም ይገባል። በሌላ በኩል ግን ፍሬሙ ጉንጭዎ ላይ መተኛት የለበትም። ፈገግ ይበሉ። መነጽሩ ወደ ላይ ከተነሳ ጉንጭዎ እየነካው ነው። ዓይንዎን ቶሎ ቶሎ ጨፍነው ይክፈቱ። ሽፋሽፍትዎ ሌንሱን ከነካ በላብና በቅባት ያቆሽሸዋል፤ ቶሎም ይሰለችዎታል።

ይህ ቅርበት ከሌላው ችግርዎ ጋር ይጋጫል፤ ከእንፋሎቱ ጋር። ከፊትዎ የሚወጣው ሞቃት እርጥብ አየር ቀዝቀዝ ያለ ሌንስ ሲነካ ጠብታ ይሆናል። እየነዱ ሳሉ ነፋስ ጠርጎ ያወጣዋል። ዳገት ላይ ግን ፍጥነት ይወርዳል፣ ላብ ይጨምራል፤ መጥረጊያ ነፋስ ይጠፋል። ቀይ መብራት ላይ ሲቆሙም ያው ነው። ስለዚህ ነፋስን ጨርሶ የሚዘጋ መነጽር አያስፈልግዎም። የሚፈልጉት አየር በልኩ የሚያሳልፍ ነው፦ ከሌንሱ ጫፍ ላይ፣ ከላይ ወይም ከጎን፣ ቀጫጭን ቀዳዳዎች ያሉት። የአፍንጫ ማረፊያው ጎማ የሚስተካከል ከሆነ ሌንሱን አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ወደ ፊት ማውጣት ይቻላል። ትንሽ ትመስላለች እንጂ ብዙ ጊዜ ችግሩን የምትፈታው እሷ ናት።

ፀረ እንፋሎት ቅባት ያለው ሌንስም አለ። ቅባቱ እርጥበቱን አያግድም፤ ጠብታ ከሚሆን ይልቅ ስስ ሆኖ እንዲዘረጋ ያደርገዋል፤ ስለዚህ አሻግሮ ያሳያል። ያለው በውስጥ በኩል ነው። በደረቅ ጨርቅ ከፈተጉት ይለቃል። አፍና አፍንጫን የሚሸፍን የአንገት ልብስ ካደረጉ ግን የትኛውም ቅባት አያድንዎም፤ ትንፋሹ በቀጥታ ወደ ላይ ነው የሚሄደው። ከአፍንጫ በታች ዝቅ ያድርጉት። ረጅም ዳገት ሲጀምሩ መነጽሩን ወደ አፍንጫዎ ጫፍ ትንሽ ማንሸራተትም ይሠራል፤ ቁልቁለቱ ሲመጣ መልሶ መግፋት ብቻ ነው። ላቡ ግንባርዎ ላይ የሚወርድ ከሆነ፣ ከሄልሜት ሥር ስስ የላብ ማሰሪያ ማድረግ ከማንኛውም ውድ ሌንስ በላይ ይጠቅማል።

ሱቅ ሲሄዱ ሄልሜትዎን ይዘው ይሂዱ። ይህን ምክር ሰው ሁሉ ሰምቶ ማንም አያደርገውም። የመነጽሩ ዘንግ ረጅም ከሆነ ከሄልሜቱ የኋላ ማጥበቂያ ጋር ይጋጫል፤ በእያንዳንዱ ጉድጓድ መነጽሩ ይነሳል። ጆሮ ላይ በኃይል የሚታጠፍ ዘንግ ደግሞ ከማሰሪያው ጋር ይጣላል። ቀጥ ያለ፣ ጫፉ ላይ ጎማ ያለው ይሻላል። ዘንጎቹን ከሄልሜት ማሰሪያው ውጭ ያድርጓቸው እንጂ ከሥሩ አያስገቡ። ቢወድቁ መነጽሩ በቀላሉ ይለያል፤ ማውለቅም ሲፈልጉ ሄልሜት መፍታት አያስፈልግዎም። ጥሩ የአፍንጫ ጎማ ላብ ሲነካው ይበልጥ የሚይዝ ነው። ጠንካራ ፕላስቲክ የሆነው ግን ይንሸራተታል።

ከዚያ ሄልሜቱንም መነጽሩንም አድርገው፣ የብስክሌት መሪ እንደያዙ ሆነው ጎንበስ ይበሉ፤ አንገትዎን ቀና አድርገው ሩቅ ይመልከቱ። ሰው ሲነዳ የሚያየው በሌንሱ መሃል ሳይሆን በላይኛው ክፍል ነው። ቀጥ ብለው ሲቆሙ የማይታይ የፍሬም ጠርዝ፣ ጎንበስ ሲሉ ልክ መንገዱ ላይ ያርፋል። ለዚህ ነው ጎንበስ ብሎ ለሚነዳ ሰው ላይኛው ጠርዝ ላይ ፍሬም የሌለው ወይም ሌንሱ ወደ ላይ ረዘም ያለ መነጽር የምመክረው። ቀጥ ብለው የሚቀመጡበት የከተማ ብስክሌት ከሆነ ይህን ይርሱት። ቀጥሎ በትከሻዎ በኩል ወደ ኋላ ዞር ይበሉ። ወፍራም ዘንግ ከኋላ የሚመጣን መኪና ሊደብቅ ይችላል። ፋሽን መነጽሮች የሚወድቁት እዚህ ፈተና ላይ ነው።

ስለ ሌንሱ ቁሳቁስ ብዙ አልልም፦ መስታወት አይግዙ። ጠጠር ሲመታው ወይም ሲወድቁ ይሰበራል፤ ስባሪው ያለው ዓይንዎ አጠገብ ነው። ፖሊካርቦኔት ቀላልና በጣም ጠንካራ ነው፤ ድክመቱ በቀላሉ መጫሩና ጠርዝ አካባቢ ጥራቱ ትንሽ መቀነሱ ነው። ትራይቬክስ የሚባለው ከእሱም ይቀላል፤ ጥንካሬው ተቀራራቢ ነው፤ ምስሉም ይጠራል። ለቁጥር ሌንስ ምርጫዬ እሱ ነው። ከብረት የተሠራ ቀጭን ፍሬም፣ በተለይ አፍንጫ ላይ ሽቦ ያለው፣ ብስክሌት ላይ አልወደውም። ሲወድቁ ሽቦው ፊት ይቆርጣል።

በዚሁ አጋጣሚ፦ ለምሽት ነጭ ሌንስ ከፈለጉ የግድ የብስክሌት ተብሎ የተሸጠ መሆን የለበትም። ለፋብሪካና ለወርክሾፕ የሚሠሩ የደኅንነት መነጽሮች አሉ። ኢኤን 166 የሚል የአውሮፓ ደረጃ ጽሑፍና የኤፍ ምልክት ያለበት፣ 6 ሚሊ ሜትር የብረት ኳስ በሴኮንድ 45 ሜትር ፍጥነት ሲመታው ያልተሰበረ ነው። ብዙዎቹ ፊትን ያቅፋሉ። አያምሩም፤ ግን ማታ ማን ያያል?

ቀለም። ግራጫ ቀለማትን እንዳሉ ያሳያል፤ ዓይን አያደክምም። ቡናማና አምበር ሰማያዊውን ብርሃን ስለሚቀንሱ የአስፋልት ስንጥቅ፣ ጠጠርና ጉድጓድ ጎላ ብለው ይታያሉ። እንደ እርስዎ ጥላና ፀሐይ በሚፈራረቅበት መንገድ ለሚነዳ ሰው ቡናማ ወይም ወደ ሮዝ የሚያደላ ሌንስ ይሻላል ባይ ነኝ። ቢጫ ለደመናማ ቀንና ለጭጋግ ጥሩ ነው። ለማታ ግን አይደለም፤ «የሌሊት መነጽር» ተብሎ ቢሸጥም ያው ብርሃን ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ቀይና አረንጓዴ መለየት የሚቸግረው ሰው ደማቅ ቀለም ያለውን ሌንስ ትቶ ግራጫ ይውሰድ፤ የትራፊክ መብራት ጨዋታ አይደለም። ከላይ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጨው ሽፋን ጥቂት ተጨማሪ ብርሃን ይመልሳል፣ ያምራል፣ ይጫራል። ይኸው ነው።

ወደ ጓደኞችዎ ምክር እንምጣ። ብርሃን ከጠፍጣፋ ነገር ላይ ሲንጸባረቅ፣ ከውሃ፣ ከእርጥብ አስፋልት፣ ከመኪና ኮፈን፣ አብዛኛው በአግድም አቅጣጫ ይርገበገባል። ፖላራይዝድ ሌንስ ያንን አግድም ብርሃን ለይቶ ያግዳል። የፕላስቲክ ማጣሪያውን የፈለሰፈው አሜሪካዊው ኤድዊን ላንድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1929። ለዓሣ አጥማጅና ለጀልባ ነጂ ግሩም ነገር ነው። ለብስክሌት ግን ሁለት ነገር ያሳስበኛል። አንደኛ፣ በመሪዎ ላይ ያለው ኮምፒውተር ወይም ስልክ በአንዳንድ አቅጣጫ ጥቁር ሊሆንብዎ ይችላል፤ የስክሪኑ ብርሃንም ፖላራይዝድ ነውና። ሁለተኛው ይበልጥ ከባድ ነው። የእርጥብ መንገድ፣ የፈሰሰ ዘይትና የበረዶ ብልጭታ ያስጠላል፤ ግን መረጃ ነው። እዚያ ጋ ያንሸራትታል የሚልዎት እሱ ነው። ባለ ሁለት ጎማ ነጂ ይህን መረጃ ቢያጣ ይጎዳል። ሁልጊዜ በደረቅ መንገድ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በውሃ ዳር የሚነዳ ሰው ቢገዛው አልቃወምም። ከአልትራቫዮሌት የበለጠ ይከላከላል የሚልዎት ካለ ግን አይቀበሉት፤ የማይገናኙ ነገሮች ናቸው።

ያንን ገንዘብ ፎቶክሮሚክ ላይ ቢያውሉት ይሻላል። ፀሐይ ሲያገኝ የሚጠቁር፣ ጥላ ሲያገኝ የሚነጣ ሌንስ ነው። ማለዳ ነጣ ብሎ ይጀምራል፣ ረፋዱ ላይ ይጠቁራል፣ ሲመሻሽ መልሶ ይነጣል። የእርስዎ ቀን ልክ እንደዚህ ነው። ሻጮች የማይነግሩዎት ነገር ግን አለ። ለመጥቆር ከአንድ ደቂቃ ያነሰ ጊዜ ሊበቃው ይችላል፤ ለመንጣት ግን ደቂቃዎች ይፈልጋል። ስለዚህ በሁለት ሴኮንድ የዛፍ ጥላ ውስጥ ሲገቡ አይደርስልዎም። እንደጠቆረ ነው የሚገባው። በተጨማሪም ብርድ ሲሆን ይበልጥ ይጠቁራል፣ ለመንጣትም ይዘገያል፤ በጣም ሲሞቅ ደግሞ የሚጠበቀውን ያህል አይጠቁርም። በዚህ የተነሳ ከ1 እስከ 3 የሚለውን ሳይሆን ከ0 እስከ 2 የሚለውን ይምረጡ። ጠራራ ፀሐይ ላይ ትንሽ ብርሃን ሊበዛብዎ ይችላል፤ የሄልሜት ጋሻ ካለዎት ደግሞ ያግዛል። ጥላ ውስጥ ግን መንገዱ አይጠፋብዎም።

ሦስት ሌንስ የሚቀያየርበት መነጽርም ይሸጣል። ጥሩ ነው፤ ግን አብዛኛው ሰው አንዱን ሌንስ ገጥሞ ሁለቱን ከረጢት ውስጥ ይረሳቸዋል። ከመግዛትዎ በፊት ራስዎ ቀይረው ይሞክሩት። ሱቅ ውስጥ ያስቸገረዎት መንገድ ዳር አይቀልዎም።

የቀረው ቁጥሩ ነው። ሲቀነስ 2.5 ከፍተኛ ቁጥር ስላልሆነ ሦስቱም መንገድ ክፍት ነው። የመጀመሪያው በየቀኑ የሚጣል ኮንታክት ሌንስ አድርጎ ከላይ ማንኛውንም የብስክሌት መነጽር ማድረግ ነው። ዕይታው ሰፊ ነው፤ መነጽሩንም እንደፈለጉ ይመርጣሉ። ዓይንዎ ግን በነፋስ ቶሎ እንደሚደርቅ አይተናል፤ ኮንታክት ሌንስ ደግሞ ድርቀት ያብሳል። ነፋሱን በደንብ የሚከላከል መነጽር ካገኙ በኋላ ቢሞክሩት ነው የሚሻለው።

ሁለተኛው ከመነጽሩ በስተጀርባ ትንሽ የቁጥር ሌንስ የሚገጠምበት ነው። ቁጥርዎ ሲቀየር ትንሿን ብቻ ይቀይራሉ። ግን እንፋሎት የሚይዘው ሌንስ ሁለት ይሆናል፣ ሽፋሽፍትም ይነካል። እንፋሎት ላማረረው ሰው ደፍሬ አልመክረውም።

ሦስተኛው ቁጥሩን ራሱ የብስክሌት መነጽሩ ላይ ማሠራት ነው። ለእርስዎ ይሄ ይሻላል እላለሁ። ነገር ግን የሚጠማዘዝ ሌንስ ከተራ መነጽር ይለያል። ሌንሱ በዓይን ፊት ጋደል ብሎ ስለሚቆም፣ የተራውን መነጽር ቁጥር እንዳለ ገልብጦ ማሠራት ምስሉን ያዛባል። ሠሪው ለጥምዝነቱና ለዘመመበት ልክ ማካካሻ ስሌት መሥራት አለበት። ስለዚህ ሲያዝዙ «ለጥምዝ ፍሬም ተስተካክሎ ይሰላል ወይ?» ብለው በግልጽ ይጠይቁ። መልሱ የሚወላውል ከሆነ ሌላ ቦታ ይሂዱ። ልኬቱም ፍሬሙ ፊትዎ ላይ ተደርጎ ይወሰድ፤ ብስክሌት ላይ በላይኛው ክፍል እንደሚያዩም ይንገሩ፤ የሌንሱ ማዕከል ትንሽ ከፍ ይላል። መጀመሪያ ሲያደርጉት መሬቱ የጎበጠ ሊመስልዎት ይችላል። ከቤት አካባቢ ቀስ ብለው ይለማመዱት። ከሳምንት በላይ ካዞረዎት መልሰው ያስመርምሩት። የቁጥር ልኬትዎ የቆየ ከሆነ ደግሞ ሌንሱን ከማሠራትዎ በፊት አዲስ ምርመራ ያድርጉ። ዕድሜዎ 40ን ካለፈና የኮምፒውተሩ ቁጥሮች ከደበዘዙብዎ፣ ከታች በኩል የቅርብ ማንበቢያ ያለው ሌንስም ይሠራል፤ ማንበቢያዋ ግን ትንሽና ዝቅ ያለች ትሁን።

አያያዙ ቀላል ነው። የመነጽር ትልቁ ጠላት የካናቴራ ጫፍ ነው። ደረቅ አቧራ ያለበትን ሌንስ በጨርቅ ሲፈትጉ አቧራው ራሱ ይጭረዋል። መጀመሪያ ውሃ ያፍስሱበት፤ ከዚያ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና፤ ከዚያ ለስላሳ የመነጽር ጨርቅ። አሞኒያ ያለበት የመስኮት ማጽጃ አይንካው። ዲት የሚባል ኬሚካል ያለበት የነፍሳት መከላከያ ቅባት ፕላስቲክ ይበላል፤ ከተቀቡ እጅዎን ሳይታጠቡ መነጽር አይያዙ። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥም አይተዉት፤ ሙቀቱ ሽፋኖቹን ይሰነጣጥቃል።

በአጭሩ እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን የማዝዘው ይህን ነው፦ ፊትን የሚያቅፍ፣ ላይኛው ጠርዝ ፍሬም የሌለው፣ የአየር ቀዳዳና የሚስተካከል የአፍንጫ ጎማ ያለው ፍሬም፤ በላዩ ላይ ቡናማ ፎቶክሮሚክ፣ ከ0 እስከ 2፣ ዩቪ400፣ ቁጥሩ ለጥምዝነቱ ተሰልቶ የተሠራ። ፖላራይዝዱን ይዝለሉት። ያለዎት ጥቁር መነጽር ምድብ 3 ከሆነ አይጣሉት፤ ጥላ በሌለበት የእሁድ መንገድ ላይ ያገለግላል።

ነፋሱን በደንብ የሚከላከል መነጽር አድርገውም ዓይንዎ ማልቀሱን ካላቆመ፣ ወይም ከነዱ በኋላ ለሰዓታት አሸዋ እንደገባበት የሚቆጠቁጥዎና የሚቀላ ከሆነ፣ ሌላ መነጽር ከመግዛትዎ በፊት የዓይን ሐኪም ይይዎ። ድርቀቱ ከነፋሱ ውጭ ሌላ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። የዐይን ቆብ ጠርዝ ላይ ያሉት ዕጢዎች መደፈን አንዱ ነው፤ እሱ ደግሞ በሕክምና የሚስተካከል እንጂ በሌንስ የሚፈታ አይደለም።